ከሥዕሉ ስር የተጻፈው የአባባ ቃል

ያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ወዲያ የማውቀው አዲስ አበባን ብቻ ነው፤ አውሮፕላንም ከአዘዞ ተነሥቶ በቤታችን አናት ላይ ሲያልፍ ከማየት በቀር ተሳፍሬበት አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ አባባ ልብስ ከሚሰፋበት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ደንበኛ ረስቶት የሄደ መጽሐፍ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ያገኘሁትን። ማውራት ግን ማንም ሳያስተምረኝ እችልበታለሁ። ሰፈር ውስጥ «ታንጉት ካወራችው ያላየኸውንም ታየዋለህ» ይሉኝ ነበር። አሁን ሰው እንደዚያ ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ወደ ቶሮንቶ የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። መርዶ ይዤ ነው።

አባባ የኅዳር ሚካኤል በዋለ በማግስቱ ዐረፈ። ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጎ ከወጣ ወዲህ ኑሮው እዚያው ቶሮንቶ ነው፤ ለእሱ አልነገርነውም። ባህሉን ታውቁታላችሁ። ሰው ባዕድ አገር ለብቻው ቁጭ ብሎ በስልክ መርዶ አይሰማም። ዘመድ ደርሶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና በጠዋቱ፣ በሰው እቅፍ ውስጥ ሆኖ ነው የሚረዳው። እኔ እንድሄድ ተመከረ። ቪዛው አራት ወር ፈጀ። በአራቱ ወር ሙሉጌታ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ «አባባን አገናኙኝ» ይላል። ስልኩን የማነሣው ደግሞ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ «ተኝቷል» አልኩት። ቀጥሎ «ጸበል ሄዷል»። ከዚያ «ጆሮው ከብዷል፣ በስልክ አይሰማም» አልኩት። «እሺ፣ ምን አለ ታዲያ?» ይለኛል። አንድ እሑድ ጨነቀኝና አባባ ቢኖር ይለው የነበረ የመሰለኝን ነገር አልኩት። ሳቀ፣ ደስ አለው። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጨመርኩለት። በኋላማ ቅዳሜ ማታ የሚቀጥለውን ቀን ቃል ሳሰናዳ አመሽ ጀመር። አርባውን ያለ እሱ አወጣን። የበኩር ልጁ ስልክ ላይ አባቱን ሲያናግር ነበር፤ በእኔ አፍ።

ማክሰኞ ከጎንደር አዲስ አበባ ገባሁ። ማታ ቦሌ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከሌን አወለቅሁ። አራት ወር ከላዬ ያልወረደ ጥቁር ነው። የአጎቴ ልጅ ያዋሰችኝን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩና የተቆረጠውን ፀጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ። መስተዋቱ ውስጥ ያየኋት ሴት ሠርግ የምትሄድ ትመስላለች። ከሉን አጣጥፌ ሻንጣው ሥር፣ ከበርበሬው በታች ከተትኩት።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የወልቂጤ ነጋዴ ቀበቶዬን አሰረልኝ፤ ምግብ ሲመጣም የጾሙን ከፍስኩ ለየልኝ። «ለመዝናናት ነው እማማ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። የመጀመሪያው የጉዞ ውሸቴ ይኸው ነው፤ ለማላውቀው ሰው።

ረቡዕ ከሰዓት ቶሮንቶ ደረስን። ጉምሩክ ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ የበርበሬውን ከረጢት ጠጋ ብሎ አሸተተው። ማስነጠሱን ማቆም አቃተው። እኔም በየማስነጠሱ «ይማርህ» እለዋለሁ። በመጨረሻ እንባውን እየጠረገ ሂጂ አለኝ። ሥር የነበረውን ጥቁር ልብስ ሳያየው አለፍኩ።

ሙሉጌታ ውጭ ቆሟል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ የቆመበት አኳኋን ልክ አባባን ነው። አቀፈኝና፣ እንዴት ገባሽ ሳይል፣ «አባባ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሰላም ብሎሃል።»

«በእግሩ ይሄዳል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጥርጊያው ዳር የጠቆረ በረዶ ተከምሯል። የእኛ አገር መጋቢት አቧራና ሙቀት ነው፤ የእነሱ መጋቢት የቆሸሸ ጥጥ ይመስላል። ቤታቸው ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ሰው ይኖራል፤ ግን ሊፍት ውስጥ ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው።

የማድርበትን ክፍል ወንድሜ ራሱ አሳየኝ። አዲስ አልጋ ነው፣ ዝቅ ያለ፤ ጎኑ መያዣ አለው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወሰደኝና ግድግዳው ላይ የተተከለውን ብረት እንድስበው አደረገኝ።

«ሳቢው፣ ጠንክረሽ። እንዳይነቀል።»

«አይነቀልም። ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል? ለአባባ ነዋ። አልመጣም ብሏል፤ አውቃለሁ፣ ነግረሽኛል። አንቺ ሄደሽ ክፍሉን ስታወሪለት ግን እሺ ይላል። አንቺ ካወራሽው የማይሆን ነገር የለም። እስኪ አልጋው ላይ ተኚበትና ይመች እንደሆነ ንገሪኝ።»

ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

ሚስቱ የሺ ነገሩን ታውቃለች፤ በምስጢር ነግረናት ነበር። ወንድሜ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ተመካከርን።

«እሑድ ጠዋት ነው» አለችኝ። «ሽማግሌው ጋሽ ደምሴ ሰዉን ይጠሩልናል። እዚህ ቤት ግን አይሆንም። አንዴ ዘጠነኛ ፎቅ መርዶ ሲነገር፣ ጎረቤት ሰው እየተገደለ ነው ብሎ ፖሊስ ኮል አደረገ። ምድር ቤት ያለውን ፓርቲ ሩም ቡክ አድርጌያለሁ።»

«ለለቅሶ ይፈቅዳሉ?»

«በርዝደይ ነው ያልኳቸው።»

ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን፤ ከዚያ እሷን ለቅሶ ቀደማት።

«ነገ ብንነግረውስ?» አልኳት። «ዓይኑን ማየት አቃተኝ።»

«ቅዳሜ የልጄ የቤዛ ኤግዚቢሽን ነው እኮ። ስንት የለፋችበት! አባቷ ከል ለብሶ እሷ እንዴት ትቆማለች? አራት ወር የያዝሽውን ሦስት ቀን ያዥው።»

ያዝኩት።

ሐሙስ ቤዛ ኤግዚቢሽኗን አስቀድማ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። የወንድሜ አንድ ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የጥንት የሮማ ሰዎች በላቲን የጻፉትን ነው፤ በኋላ ዘመን ሰዓሊዎችና ቀራፂዎች ከዚያ ምን እንደሠሩ። የሺ «ይሄ ምን ሥራ ያስገኛል?» እያለች ስትጨነቅ፣ ሙሉጌታ ግን ከሚነዳው የከተማ አውቶብስ ሲወርድ ለሚያገኘው ሁሉ «ልጄ ላቲን ታነባለች» ይላል።

ከሜይን ስትሪት በስትሪትካር ተሳፈርን፤ በሐዲድ የሚሄድ አውቶብስ በሉት። ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ማንም ቀና አላለም።

«አክስቴ፣ እዚህ ግሪት አያደርጉም» አለችኝ ቤዛ።

«አርባ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ገብቼ ዝም ልበል?»

«ቤት አይደለም፤ ትራንዚት ነው።»

ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። እስክንወርድ ድረስ እየተያየን ፈገግ ስንል ነበር። በጄራርድ መንገድ ሪጀንት ፓርክ የሚባለውን ሰፈር አልፈን መሐል ከተማ ስንገባ፣ ዓምድ በዓምድ የሆኑ አሮጌ ሕንጻዎች መጡ። ከአንዱ በር በላይ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ።

«እንግሊዝኛ ነው?»

«ላቲን ነው። እንደ ግዕዝ በይው።»

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ጻፉት?»

«ትልቅ ለመምሰል» አለችና ሳቀች። «ግን አንዳንዴ የሚያነብ ሰው ያልፋል። ለምሳሌ እኔ።»

ኤግዚቢሽኑ አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ያለ ክፍል ነው። ዋናው ነገር አንድ የሮማ ባለቅኔ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጻፈው ታሪክ ነው። የሰዎቹ ስም ለአፌ ስላልገራልኝ አልጽፈውም፤ ታሪኩ ግን ገራልኝ። ከተማ ይቃጠላል። አንድ ሰው ሽማግሌ አባቱን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ይወጣል። ሚስቱ ከኋላ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ፣ ትላለች ቤዛ፣ ይህን ያልሣለ የለም። ሸክላ ሳህን ላይ የተሣለ አለ፣ በመዳብ የታተመ አለ፣ ከእብነ በረድ የተጠረበው ፎቶው አለ። አንዲት የቶሮንቶ ተማሪ ደግሞ ሰውየውን የበረዶ ካፖርት አልብሳ፣ አባቱን አዝሎ የባቡር ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወጣ ሥላዋለች።

አንድ ነገር ገረመኝ። ሰዓሊው ሁሉ ሽማግሌውን የራሱን አገር ልብስ ነው ያለበሰው። አንዱ ጋ ኮፍያ አለው፣ ሌላው ጋ ካባ። «የእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የጌታን ገራፊዎች የጎንደር ወታደር ሱሪ አልብሰዋቸዋል» አልኳት። ደብተር አውጥታ ጻፈችው። «ይሄ እኮ ነው የኔ ቲሲስ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ! ታሪኩን የወሰደው ሁሉ የራሱን ሰው ይጨምርበታል።» በወዲያኛው ግድግዳ ደግሞ ከሌላ ባለቅኔ የተወሰደ፣ አሳዳጅ ሸሽታ ዛፍ የሆነች ልጅ አለች፤ ጣቶቿ ቅጠል ሲያወጡ። እሷን ብዙ አላየኋትም። ዓይኔ የሽማግሌው ሥዕል ላይ ቀርቶ ነበር።

«ከኋላ ያለችው ሚስቱስ?» አልኳት።

«ጠፋች። እሱ ተመልሶ ፈለጋት፤ ጥላዋን ብቻ ነው ያገኘው።»

«ማን ነገረው መሞቷን?»

«ራሷ። ጥላዋ ራሷ ነገረችው፣ አታልቅስ፣ ሂድ አለችው።»

«ደግ ሴት» አልኩ። ከልቤ ቀናሁ። ራሷ ሞታ፣ ራሷ አርድታ፣ በሌላ ሰው አፍ ሳትገባ።

ቤዛ ክንዴን ይዛ ወደ ትልቁ ሥዕል አቀረበችኝ። ከሥሩ ነጭ ካርድ ተለጥፏል፤ ላዩ ላይ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ አማርኛ፣ ሥሩ እንግሊዝኛው።

«እኔን ለመሸከም ትከሻህን አታጉብጥ። ልጅህን እጇን ይዘህ ሂድ። እኔ ከኋላ እየመጣሁ ነው።» ከዚያ የአባባ ስም፤ ጎንደር፤ የገና ዕለት።

«አያቴ መጽሐፉን አላነበበም» አለች ቤዛ፣ ዓይኗ እያበራ። «ግን በታሪኩም ሽማግሌው መጀመሪያ ትታችሁኝ ሂዱ ነው የሚለው። ፕሮፌሰሬ ማመን አልቻለችም። ኤግዚቢሽኑ ሙሉውን በዚህ ቃል ዙሪያ ነው የሠራሁት።»

የገና ዕለት አባባ ከተቀበረ ወር አልፎታል። ሙሉጌታ ደውሎ «ትኬት ልቆርጥ ነው፣ እመጣለሁ» ሲለኝ፣ መጥቶ ቤቱን ከል ለብሶ እንዳያገኘው ፈራሁ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ያን ቃል አልኩት። እሱም «እሺ፣ እሱ እንዳለው ይሁን» አለኝ። መምጣቱን ተወው።

«ቤዛዬ፣ ይህን ብታነሺውስ?»

«ለምን? አያቴ ይቆጣል?»

«አይቆጣም።»

«ታዲያ? አክስቴ፣ አንቺ ባታመጪልን እኮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር።»

ውኃ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

ዓርብ ጋሽ ደምሴ «እንግዳ ልጠይቅ» ብለው መጡ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ዘመን የወጡ፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሁዳዴ ጾም ነው፤ የሺ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ አቀረበች። ተልባው እንደ እኛ የተወቀጠ ሳይሆን ማሽን የፈጨው ስለሆነ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ፍቅሩ ግን ያው ነው።

«ከጎንደር ድረስ መጥተሽ በርበሬ ብቻ?» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ከአንገረብ ወንዝ አንድ ጠርሙስ ታመጪልኛለሽ ብዬ ነበር።»

«አንገረብማ በዚህ ወር ጠርሙስ አይሞላም፣ ጋሽ ደምሴ።»

«እንግዲህ ኦንታሪዮ ሐይቅ ተርፎናል፣ ለአባትሽ ውሰጅላቸው» አሉ፣ ወንድሜ ስለሚሰማ። ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

ልሸኛቸው ሊፍት ውስጥ ስንገባ ድምፃቸው ተለወጠ። «በወጉ ቀበራችኋቸው?»

«በወጉ።»

«የኔ እናት ስታርፍ አንድ ዓመት ነው የደበቁኝ። ዓመት ሙሉ ለሞተች ሴት የሹራብ ቀለም ሳማርጥ ነበር፤ እኅቴ ደግሞ በስልክ፣ ሰማያዊውን ወደደችው ትለኛለች።»

«ተቀየሟት?»

«ለምን እቀየማታለሁ? ለእኔው ብላ ነው።» ሊፍቱ ተከፈተ። አልወጡም። «ሰማያዊውን ማን እንደለበሰው ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም» አሉና ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ።

ተመልሼ ወደ ላይ ስወጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በሩን ስከፍት ሙሉጌታ ለነገ የሚለብሰውን ሱፍ ልብስ ሱሪውን እያሳጠረ ነው፤ መርፌ አያያዙ የአባባ ነው። «ታንጉ፣ ነገ ፎቶ አንሥተሽ ለአባባ ታሳይልኛለሽ» አለኝ። ክሩን ቆረጥኩለት።

ቅዳሜ ክፍሉ በሰው ሞላ። ሽሮና ዳቦ ሳይሆን ወይንና የደረቀ ፍራፍሬ ነው የሚያቀርቡት፤ ሰዉ ቆሞ ነው የሚበላው። እኛ ጋ እንግዳን ማቆም ነውር ነው፤ እዚያ ማስቀመጥ እንደ ማሰር ይቆጥሩታል መሰለኝ።

ቤዛ ተናገረች። ከዚያ አባቷን ጠራችው። ሙሉጌታ በእንግሊዝኛ ጀመረና በመሐል ወደ አማርኛ ዞሮ፣ ቤዛ ትተረጉም ጀመር።

«ይህ ሥዕል ለእኔ ተገላብጧል» አለ። «እኔ ስወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እግሬ ቆስሎ ነበር። አንገረብን ያሻገረኝ አባቴ ነው፣ አዝሎ። ወዲያ ማዶ አስቀምጦኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሱን የማዘል ተራው የእኔ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። እሱ ግን እምቢ አለኝ። እምቢታውን እዚህ ጽፈነዋል።»

ሰው አጨበጨበ። ፕሮፌሰሯ፣ አጭር ፀጉር ያላት ደርባባ ሴት፣ ወደ እኔ መጣች። ቤዛ ተረጎመችልኝ፦ «ቃሉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ። ሲናገረው እንዴት ነበር? የት ሆኖ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የሺ ከሩቅ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ አይሆንም እንደማለት። ወንድሜ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«አላስታውስም» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን አወራሁ። አባባ በረንዳው ላይ እንደነበረ፣ መርፌ ሊሰካ ክሩን በከንፈሩ እያረጠበ ሁለት ጊዜ እንደሳተው፣ ልርዳህ ስለው እጄን እንደመለሰው፤ ሦስተኛው ላይ ክሩ ገባለትና፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ «ለሙሉጌታ እንዲህ በይልኝ» እንዳለኝ። ቤዛ እየተረጎመች ድምፅዋ ተሰበረ። ፕሮፌሰሯ እጄን ያዘች። ወንድሜ መሐረብ አወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ያወራሁበት ቀን የለም።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከሻንጣው ሥር ከሌን አውጥቼ ለበስኩ፣ በላዩ የየሺን ካፖርት ደረብኩ። ሙሉጌታን ጋሽ ደምሴ «የሕንጻው ጉዳይ አለ» ብለው አስቀድመው ወስደውታል። ፓርቲ ሩሙ ጣሪያ ላይ ትናንት የአንድ ሕፃን ልደት የተከበረበት ፊኛ ቀርቷል፤ ቀይና ቢጫ። ወደ ሠላሳ ሰው ጥቁር ለብሶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ፣ ከፓርክዴል ድረስ የመጡ፣ ሺፍት አድረው በቀጥታ የመጡ አሉ።

ጋሽ ደምሴ ይዘውት ሲመጡ ሙሉጌታ ከበሩ አላለፈም። በስደት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስብሰባ ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ማን ነው?» አለ።

«አባትህ» አሉት ጋሽ ደምሴ፣ ወገቡን ይዘው።

ለቅሶውን አልጽፈውም። ለቅሶ ሁሉ አገር አንድ ነው። ሰዉ ትንሽ ጸጥ ሲል፣ ሙሉጌታ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ «መቼ?» አለ።

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«የኅዳር ሚካኤል ማግስት» አልኩ።

ጣቶቹን አየሁ፤ ይቆጥራሉ። ኅዳር። ታኅሣሥ። ገና።

«ቤዛ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ቃል የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«በየእሑዱ የነበረውስ?»

«የኔ ነው።»

«መርፌውስ?»

«መርፌው እውነት ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው ያየሁት።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ቤዛ በሩ ጋ ቆማ፣ እናቷን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ የሺ መለሰችላት። ልጅቷ ተመልሳ ወጣች።

ሰኞ ቤቱ ለቅሶ ደራሽ ሞላው። እዝን በየተራ ይመጣል። ከባንግላዴሽ የመጣች የጎረቤት ሴት፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ፣ ትልቅ ድስት ሩዝ በምስር በር ላይ አስቀምጣ በእጇ ልቧን ነክታ ሄደች። ለቅሶ የሰው ቋንቋ አይፈልግም መሰለኝ። እኔ የተቀመጥኩት መሬት ላይ፣ ከወንድሜ ሁለት ሰው ዘልዬ ነው።

ከሰዓት ቤዛ ካፖርቴን አመጣችልኝ። በዚያው ስትሪትካር ይዛኝ ሄደች። ማንንም ሰላም አላልኩም። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ካርዱን ነቅላ አዲስ ለጠፈች፤ ቃሉ ያው ነው፣ የአባባ ስም ግን የለም። የእኔ ስም ነው ያለው።

«ፕሮፌሰሬን ነገርኳት» አለች። «ተናደድኩብሽ። አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ቅኔውን የጻፈው ሰውዬም ሽማግሌውን አላየውም፤ ከሞተ በኋላ ነው ቃል የሰጠው። ያንን ሁሌም አንብቤ አለቅሳለሁ።»

«እሱ ግን ለልጁ አልደወለለትም» አልኳት።

ቤዛ ሥዕሉን አየችው። ስንመለስ ክንዴን ይዛ በረዶውን አሻገረችኝ።

የቀረውን ሁለት ሳምንት ለአባባ በተነጠፈው አልጋ ላይ ተኛሁ። ይመቻል። ሙሉጌታ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይሄድ ሻይ አፍልቶ ከደጄ ያስቀምጥልኛል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ስገባ ብረቱ ተነቅሏል። የቀሩት አራት ቀዳዳዎች ላይ ነጭ ነገር ለድፎባቸው ነበር፣ ገና አልደረቀም። አውሮፕላን ጣቢያ አቅፎኝ «በሰላም ግቢ» አለኝ። ለማን ሰላም በይልኝ አላለም።

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነው። ጎረቤቶቼ ቶሮንቶ እንዴት ናት ይሉኛል፤ ስለ በረዶውና ስለ ሊፍቱ እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ሥዕሉም እነግራቸዋለሁ። የሥዕሉ ታሪክ ያስለቅሳቸዋል። ካርዱን ግን አልነግራቸውም ነበር፤ አሁን ጻፍኩት።

ወንድሜ ለሙት ዓመቱ መጣ። ተዝካሩን አወጣ፣ መቃብሩን አሠራ፣ በአባባ ክፍል ተኛ፤ በአሥረኛው ቀን ተመለሰ። እሑድ እሑድ አሁንም ይደውልልኛል። ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። ስለሌላው ዘመድ ግን አይጠይቀኝም፤ ስልኩን ይዘጋና ለአጎቴም፣ አድገው ከቤት ለወጡት ልጆቼም፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይደውላል።